የግሪን ካርድ ባለቤትና የኢትዮጵያ ፓስፖርት፦ ማሳደስ ወይስ መተው?

ተጠራጣሪ፦ አሜሪካ ውስጥ በቋሚ ነዋሪነት የሚኖር ኢትዮጵያዊ የፓስፖርቱ ቀን ቢያልፍበት በዕለት ኑሮው የሚጎድልበት ነገር የለም። ሥራ ሲቀጠር ለአሠሪው ግሪን ካርዱን ማሳየት ይበቃዋል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ቋሚ ነዋሪ ሁልጊዜ እንዲይዘው ሕጉ የሚያዘውም ይህንኑ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ የጠበቀው የአገር ውስጥ በረራ የመታወቂያ ደንብም ግሪን ካርድን ይቀበላል። ካርዱ ለ10 ዓመት ይሰጣል፤ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን 5 ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ነዋሪው አገሩን ካልለቀቀ ለዚህ ደብተር ገንዘብና ጊዜ የሚያጠፋበት ምክንያት አይታይም።

ደጋፊ፦ ግሪን ካርድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። አሜሪካ ውስጥ መኖርን፣ መሥራትንና ወጥቶ መመለስን ይፈቅዳል። ካርዱ ላይ የሰፈረው የትውልድ አገር እንጂ ዜግነት አይደለም። ፓስፖርት የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው የማን ዜጋ ነው? የትኛውስ መንግሥት ነው «ብትመልሱት እቀበለዋለሁ» የሚለው? ቋሚ ነዋሪ ማለት በአንድ አገር ፈቃድ የሚኖር፣ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ሰነዶች አብረው ሲጸኑ ነው ሕጋዊ ማንነቱ ሙሉ የሚሆነው።

ተጠራጣሪ፦ ነገር ግን ወደ አሜሪካ ለመመለስ ፓስፖርት ግዴታ አይደለም። ከ1 ዓመት ላነሰ ጊዜ ውጭ የቆየ ቋሚ ነዋሪ በጸና ግሪን ካርዱ መግባት እንዲችል ደንቡ ይፈቅዳል።

ደጋፊ፦ ልክ ነው፤ ችግሩ የሚፈጠረው ግን ከአሜሪካ ድንበር ቀደም ብሎ ነው። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ሻንጣ የሚያስመዝነው መንገደኛ መጀመሪያ የሚገናኘው ከአየር መንገዱ ሠራተኛ ጋር ነው። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን ማንበቢያው ላይ ታሳርፋለች፤ ኮምፒዩተሩም የመዳረሻውንና የመተላለፊያውን አገር የሰነድ መስፈርት ቲማቲክ ከሚባለው የአየር መንገዶች የመረጃ ቋት ጋር ያመሳክራል። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ጭኖ የተገኘ አየር መንገድ ስለሚቀጣ፣ ሠራተኛዋ ብታዝንለትም ቀኑ ባለፈ ፓስፖርት አታሳፍረውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወደ አገሩ የመመለስ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ግን ቦሌ የደረሰን ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ደለስ ላይ የቀረውን አይደርስለትም። ቦሌ ደርሶ የገባውም ቢሆን ሲወጣ ኢሚግሬሽኑ የጸና ፓስፖርት ይጠይቀዋል። ወደ ሌላ አገር ለሚሄደው ደግሞ መስፈርቱ የበለጠ ይጠብቃል፦ ብዙ አገሮች ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ፤ የሸንገን አገሮችም መንገደኛው ከአካባቢው ከሚወጣበት ቀን በኋላ 3 ወር የሚቆይ ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ሳይደርስ አገልግሎቱ ያልቃል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ጉዞ ሲታሰብ ማሳደስ ነው። ለ3 ወይም ለ4 ዓመት የትም የማይሄድ ሰው ደብተሩን ቢያቆየው ምን ይጎዳዋል?

ደጋፊ፦ ሁሉም ጉዞ ታስቦ የሚመጣ ቢሆን ይህ ያስኬድ ነበር። ውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊን በድንገት የሚያስነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናት ወይም የአባት ሕመም፣ አለዚያም መርዶ ነው። በአገሩ ወግ ቀብር ስለማይቆይ ለቀብሩ መድረስ ብዙ ጊዜ አይሆንም። ለሠልስቱ፣ ካልሆነም ለ40 ተዝካር ለመድረስ ነው ጥድፊያው። እድሳቱ ደግሞ በዚያ ፍጥነት አያልቅም፤ ይህም የሆነው ሥራው በሁለት አህጉር ስለሚከናወን ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉት የኢትዮጵያ ሚሲዮኖች ማመልከቻውን፣ ፎቶውንና አሻራውን ይቀበላሉ፤ ደብተሩ ግን የሚታተመው አዲስ አበባ ነው። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት መረጃውን ያጣራል፣ ያትማል፣ ከዚያም የታተመው ተመልሶ ወደ ሚሲዮኑ ይላካል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ጋ ወረፋ ከተፈጠረ ሌላው ጋ ማፋጠን አይቻልም። በድሮው ጊዜ ይደረግ እንደነበረው በያዘው ደብተር ላይ ማራዘሚያ ማኅተም አስመትቶ መሄድም ቀርቷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በማሽን የማይነበቡ ፓስፖርቶች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ እንዳያገለግሉ ስለወሰነ፣ ማሳደስ ማለት አዲስ ደብተር ማውጣት ሆኗል። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራ የጀመረው ቺፕ ያለው ኢ-ፓስፖርት ነባሩን ደብተር እየተካ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሰው ካዘነ ወይም ከቸገረው ሊሴ ፓሴ ይሰጠዋል።

ደጋፊ፦ ሊሴ ፓሴ በመሠረቱ ለአንድ መንገድ የሚያገለግል ወረቀት ነው፤ ሰውየውን አገሩ ያስገባዋል። ሥራውና ልጆቹ አሜሪካ ያሉት ሰው ግን መመለስም አለበት፤ ለመመለስም አዲስ አበባ ተቀምጦ የፓስፖርት ወረፋ ሊጠብቅ ነው። የአሠሪው ትዕግሥት የሚያልቀውም ያን ጊዜ ነው። ከደብተሩ ማብቂያ 1 ዓመት አስቀድሞ ማመልከት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ተጠራጣሪ፦ «ማመልከት» ሲባል ቀላል ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ያሉት ሚሲዮኖች የዋሽንግተን ዲሲው ኤምባሲ፣ የሎስ አንጀለሱ ቆንስላና ሚኒሶታ ሴንት ፖል ያለው ቆንስላ ናቸው። ዳላስ ወይም ሲያትል የሚኖር ሰው አሻራ ለመስጠት ከሥራ ቀርቶ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ መሄድ ሊኖርበት ነው። በፖስታ የሚፈጸመውም ቢሆን የራሱ ስጋት አለው። ሰውየው በእጁ ያለችውን ብቸኛ የዜግነት ማስረጃ ፖስታ ውስጥ ከትቶ ከላከ በኋላ እስክትመለስ እንቅልፍ አይወስደውም። ኤንቨሎፑ ቢጠፋ ደግሞ የእድሳት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የፖሊስ ማስረጃ የሚያስፈልገው የጠፋ ፓስፖርት ጉዳይ ይሆናል።

ደጋፊ፦ ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መቀነሻውም በአመልካቹ እጅ ነው። ደብተሩ ከመላኩ በፊት የፎቶ ገጹ ብቻ ሳይሆን ማኅተም ያለበት ገጽ ሁሉ ኮፒ ሊደረግ ይገባል። በተለይ በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የገባ ሰው የኢሚግራንት ቪዛው የተለጠፈው በዚያው ደብተር ውስጥ ነው፤ ያ ቪዛ የመግቢያ ማኅተም ሲመታበት ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ የሚያገለግል፣ ከዚያ በኋላም የአገባቡ ታሪክ ማስረጃ የሚሆን ነው። አሮጌው ደብተር ተሰርዞ እንዲመለስ መጠየቅም ያስፈልጋል። ፖስታው ሲላክም ሲመለስም ትራኪንግ ቁጥር ይኑረው። ክፍያ በመኒ ኦርደር ከሆነ ቀሪው መያዝ አለበት። የክፍያው መጠንና የሚጠየቁት ወረቀቶች ስለሚቀያየሩ ከወዳጅ ሰምቶ ከመላክ ሚሲዮኑ በዚያ ወር የሚጠይቀውን አረጋግጦ መላክ ይሻላል። አመልካቾችን በብዛት የሚያጉላላው ግን ፖስታው ሳይሆን የስምና የልደት ቀን አለመመሳሰል ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሰውየው ያው ሰውዬ፣ አሻራውም ያው አሻራ ከሆነ ይህ ለምን ትልቅ ጉዳይ ይሆናል?

ደጋፊ፦ ሁለት መንግሥታት አንድን ሰው በሁለት መዝገብ ስለሚጽፉት ነው። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የአሜሪካ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋልና አንዱ ጋ የአያት፣ ሌላው ጋ የአባት ስም በዚያ ሣጥን ይገባል። አሜሪካ ስታገባ የባሏን ስም የወሰደች ሴት ግሪን ካርዷ ላይ የባሏ፣ ፓስፖርቷ ላይ የአባቷ ስም ይኖራል። ትኬቱ የሚቆረጠው በፓስፖርቱ ስም ስለሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ካልተጓዘች ስትመለስ ካርዱ የእርሷ መሆኑን ማስረዳት ይቸግራታል።

የልደት ቀኑ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ኅዳር 5 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1989 ነው፤ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጥር 5 ቀን የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1990 ላይ ይውላል፤ ልዩነቱ 8 ዓመት ሆነ። ቅጽ የሚሞላ ሰው ወይም ጸሐፊ ወሩን ሳያይ በደፈናው 8 ቢደምር የኅዳሩን ልጅ በ1990 ያስወልደዋል። ስሕተቱ አንዴ ግሪን ካርድ ላይ ከገባ ሶሻል ሴኩሪቲውም፣ መንጃ ፈቃዱም ይወርሰዋል። እድሳት ሲመጣ ሚሲዮኑ የመኖሪያ ካርዱን ኮፒ ከአሮጌው ፓስፖርት ጎን አድርጎ ያየዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ከተራ እድሳት ወደ ማስተካከያ ይዞርና የልደት ማስረጃ ይጠየቅበታል። አስቀድሞ የሚያሳድስ ሰው ይህን የሚያገኘው ጊዜ እያለው ነው። ለቅሶ ላይ ሆኖ የሚያገኘው ሰው ግን ለማስተካከል ጊዜ የለውም።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ሁሉ ሌላ መንገድ ያመለክታል። ግሪን ካርድ ካገኘ 5 ዓመት የሞላው፣ ከአሜሪካዊ ጋር በትዳር የሚኖር ከሆነም 3 ዓመት የሞላው ሰው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ለአዋቂ 10 ዓመት ይሰጣል፤ በብዙ አገሮችም ያለ ቪዛ ያስገባል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ደግሞ ቢጫ ካርድ አለለት። በዚህ መካከል የኢትዮጵያን ፓስፖርት ማሳደስ ነገ ለሚጣል ደብተር መክፈል ይሆናል።

ደጋፊ፦ ለአንዳንዱ ሰው ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። ቃለ መሐላው በጥቂት ወራት ውስጥ የሆነና ጉዞ የሌለው ሰው ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ሁሉም ግን እዚያ አልደረሰም። ማመልከቻው በኢንተርኔት 710፣ በወረቀት ሲሞላ 760 ዶላር ያስከፍላል። የእንግሊዝኛና የሲቪክስ ፈተና አለ። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ልጆቻቸው ዘንድ መጥተው ፈተናው ከብዷቸው ዓመታት በግሪን ካርድ የሚኖሩ ብዙ ናቸው፤ ወደ አገር የመመላለስ ፍላጎታቸውም ከማንም የበረታ ነው። ከ6 ወር በላይ ውጭ የቆየ ሰው ደግሞ የነዋሪነቱ ቀጣይነት ጥያቄ ውስጥ ይገባበታል፤ ከ1 ዓመት ካለፈ ይቋረጥበታል።

ከዚህ የሚከብደው የዜግነቱ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ቢጫ ካርዱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈጠረው በትክክል ለእነዚህ ሰዎች፣ የውጭ ፓስፖርት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው። ብዙ የሥራና የንብረት መብት ይሰጣል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጥም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መቀጠርንም አይፈቅድም። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ሰው ገና ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ቢጫ ካርድ አይገባውም። ፓስፖርቱን ጥሎ ዜግነትን የሚጠብቅ ሰው በዚያ መካከል የጸና ፓስፖርትም ቢጫ ካርድም አይዝም። ዜግነትን መለወጥ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው፤ የፓስፖርት ወረፋ ስላሰለቸ ብቻ የሚወሰን መሆን የለበትም።

ተጠራጣሪ፦ የመምረጥ መብት ተነሣ እንጂ ውጭ ያለው ዜጋ መቼ ይመርጣል? የምርጫ ሕጉ በምርጫ ክልሉ መኖርን ይጠይቃል። እውነቱ መነገር ካለበት መንግሥት ውጭ ካለው ዜጋው ክፍያ ይቀበላል፣ በምትኩ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ከዚያም አልፎ ደብተሩን የማደስና ያለማደስ ሥልጣን በመንግሥት እጅ ነው። ፖለቲካው ያልጣመው መንግሥት የሚቃወመውን ሰው ወረቀት «ይጣራል» ብሎ ቢያቆየው ሰውየው የት ይከሳል? ፓስፖርት ያለው ሰው የሚያዝበት ልጓም አለው።

ደጋፊ፦ ልጓምነቱ አይካድም፤ ሕግ የተበጀለትም ስለዚህ ነው። በሜክሲኮ ትኖር የነበረች አንዲት የኡራጓይ ዜጋ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ቆንስላው አዲስ ፓስፖርት ከለከላት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው አስተያየት፣ ፓስፖርት የራስን አገር ጨምሮ ከማንኛውም አገር የመውጣት መብት መሣሪያ ነው፣ ዜጋው ውጭ ቢኖርም ግዴታው የራሱ መንግሥት ላይ ነው፣ ያለ በቂ ምክንያት መከልከሉ የዓለም አቀፉን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 12 ይጥሳል አለ። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ እድሳት ችሮታ አይደለም፤ ዜጋው የሚጠይቀው መብት ነው። ማመልከቻውን የተወ ሰው ግን የተከለከለ መሆኑን እንኳ ማስረዳት አይችልም።

ምላሹ ጥቂት ነው የተባለውም መታየት አለበት። ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ሦስተኛ አገር ላይ ቢታሰር የአሜሪካ ኤምባሲ እንደ ዜጋው አይቆምለትም። አሜሪካ ውስጥ ቢታሰርም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት በአንቀጽ 36 ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አዲስ አበባ ያለ ቤት እንዲሸጥ ወይም የውርስ ጉዳይ እንዲፈጸም ውክልና የሚሰጥ ሰውም ሚሲዮኑ ፊት የሚቀርበው በጸና ፓስፖርቱ ነው።

ተጠራጣሪ፦ መብቱ ወረቀት ላይ አለ። በአንድ መስኮት ቆሞ «ከበላይ አልመጣም» የሚባል ሰው ግን ጄኔቭ ላለው ኮሚቴ አያመለክትም። ለእንዲህ ያለው ሰው አሜሪካ ራሷ የምትሰጠው የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል።

ደጋፊ፦ ፈቃዱ የተፈጠረው በዋናነት ከ1 ዓመት በላይ ውጭ ለሚቆይ ሰው ነው። በእርግጥ ፓስፖርት ማግኘት ለማይችልም ያገለግላል። ማመልከቻው የሚቀርበው ግን ሰውየው አሜሪካ እያለ ነው፤ የሚቀበለው አገር ማን እንደሆነም በየጉዞው መጣራት አለበት። ሌላ አገር ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይለያል። ጀርመን ውስጥ ቋሚ መኖሪያ ያለውም የውጭ ዜጋ ቢሆን የጸና ፓስፖርት እንዲኖረው ሕጉ ያስገድደዋል። የአገሩ ፓስፖርት ሊገኝ የማይችል መሆኑን ያስረዳ ሰው ግራጫውን የውጭ ዜጎች የጉዞ ሰነድ መጠየቅ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ሠራተኛማ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ የሚያሳድሰው ፓስፖርቱ ከጸና ነው፤ እዚያ ማሳደስን ማዘግየት ሕጋዊ ነዋሪነትን ያሳጣል።

ተጠራጣሪ፦ የመጨረሻውና የከበደው ጥያቄ የጥገኝነት ነው። ግሪን ካርዱን ያገኘው በጥገኝነት ከሆነ፣ ያ ሰው «መንግሥቴን እፈራለሁ» ብሎ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የጄኔቭ የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 ንዑስ ክፍል ሐ፣ በፈቃዱ የአገሩን መንግሥት ጥበቃ መልሶ የተጠቀመ ሰው ስደተኝነቱ እንደሚቀር ይናገራል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መመሪያም ፓስፖርት ጠይቆ ያወጣ ወይም ያሳደሰ ስደተኛ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ይህን ጥበቃ እንደፈለገ ይገመታል ይላል። በጀርመን ደግሞ ማሳደሱ የስደተኝነትን መብት ለመሻር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች «አስቀድመህ አሳድስ» ማለት አደገኛ ምክር ነው።

ደጋፊ፦ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ለእነርሱ የመጀመሪያው እርምጃ የሚሲዮኑን ቅጽ መሙላት አይደለም፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ነው። አሜሪካ ውስጥ በጥገኝነት ለገባ ሰው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አለ፤ ለ1 ዓመት ያገለግላል። በዚያ ሰነድ ናይሮቢ ወይም ሌላ ሦስተኛ አገር ሄዶ ከወላጅ ጋር መገናኘት ይቻላል፤ የመዳረሻውን አገር ቪዛ አስቀድሞ ማግኘት ብቻ ነው።

ተጠራጣሪ፦ አንድ ነገር ይጨመርበት። ሚሲዮኑ የመኖሪያ ካርዱን ኮፒ ይጠይቃል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ሰውየው በምን መንገድ እንደገባ የሚናገር የምድብ ኮድ አለ። በዲቪ የመጣው «ዲቪ»፣ በጥገኝነት ያገኘው «ኤኤስ» የሚል ነው የታተመበት። ኮፒውን የሰጠ ሰው ከመንግሥቱ ሸሽቶ መምጣቱን ለዚያው መንግሥት በራሱ እጅ ሰጠ ማለት ነው። ይህ እርሱን ብቻ ሳይሆን አገር ቤት የቀሩትን ቤተሰቦቹንም ሊነካ ይችላል። በሌላ በኩል እናቱ አውሮፕላን ላይ መውጣት የማትችል በሽተኛ ከሆነች ናይሮቢ የሚባለው አያዋጣም።

ደጋፊ፦ ኮዱ አለ፤ ስለዚህም ለእነርሱ ከፓስፖርት እድሳት ይልቅ የአሜሪካ ዜግነትን ማፋጠን ይቀድማል። በጥገኝነት ግሪን ካርድ ለሚያገኝ ሰው የነዋሪነቱ መነሻ ካርዱ ከጸደቀበት ቀን 1 ዓመት ወደ ኋላ ተደርጎ ይመዘገባል፤ በስደተኝነት ተመዝግቦ ለመጣው ደግሞ አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ማመልከቻውም 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ በጥገኝነት ካርድ ያገኘ ሰው ካርዱ በጸደቀ በ4ኛው ዓመት ግድም፣ ከዚያም ሲፈጥንለት ቀደም ብሎ፣ ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የሚሄደው በአሜሪካ ፓስፖርትና በቪዛ ወይም በቢጫ ካርድ ነው። እናቱ እስከዚያ ከታመመች መሄድ ምን እንደሚያስከትል በጉዳዩ ዝርዝር ይወሰናል፦ የሸሸው ማንን እንደሆነ፣ ያ ያስፈራው ነገር ዛሬም መኖሩን፣ ለስንት ቀን እንደሚሄድና የት እንደሚያርፍ። ከሄደም የሕመሟን የሐኪም ማስረጃ፣ የጉዞውን ትኬትና የጠበቃውን የጽሑፍ ምክር ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ፣ ለዜግነት ሲጠየቅም ቃለ መጠይቁ ላይ የጉዞው ምክንያት ሊነሣበት ይችላልና።